መጽሐፉን አብረን እንክፈት፦ ለፍስሐ ገነትና ለመላው ጌዴኦ የቀረበ ጥሪ

የፍስሐ ገነት፣ የጨለለቅቱ፣ የይርጋጨፌ፣ የወናጎ፣ የቡሌ፣ የገደብና የዲላ ወገኖቼ፤ ይህ ጥሪ ለሁላችሁም ነው። ለወላጁ፣ ለመምህሩ፣ ለነጋዴው፣ ለሽማግሌው፣ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዩ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ለምትማሩትና ተመርቃችሁ ለወጣችሁት ልጆቻችን ነው። የምለው አንድ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲ ደርሰው ከሚወድቁት ልጆቻችን ብዙዎቹን የሚጥላቸው የአእምሮ ማነስ አይደለም፤ የሚማሩበትን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንብቦ የመረዳት ችግር ነው። ይህን ችግር ደግሞ እዚሁ፣ በእጃችን ባለው ነገር፣ አብረን በማንበብ ማቃለል እንችላለን። ዛሬ መጀመርም አለብን።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በየዓመቱ ይፋ ሲሆን አገሩ ሁሉ ይደነግጣል፤ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ይረሳል። እኛ ግን አንርሳው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት፣ ከ2014 ዓ.ም ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ ከ2016ቱ 5.4 በመቶ፣ ከ2017ቱ ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2016 ዓ.ም አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,363 ነበሩ። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥም ያለፈው ከተፈታኙ 40 በመቶ ገደማ ነበር። እነዚያ ተማሪዎች የመጨረሻ ዓመታቸውን የጨረሱ፣ ቤተሰብ በሬ ሸጦ፣ ቡና ሸጦ ያስተማራቸው ናቸው።

የውጤቱ ምክንያት ብዙ ነው። የመጽሐፍ እጥረት አለ፤ የመምህራን ኑሮ መክበድ አለ፤ መፈናቀልና የሰላም እጦት ያቋረጡት ትምህርት አለ። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ ጋር አብሮ የሚሄድ፣ ስሙ ብዙ የማይነሳ ምክንያት አለ። የፊዚክሱም፣ የባዮሎጂውም፣ የታሪኩም ጥያቄ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ፊዚክሱን ከመሥራቱ በፊት ጥያቄውን ማንበብ አለበት። ጥያቄው ካልገባው የሚያውቀውን ፊዚክስ እንኳ ማሳየት አይችልም።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ከጌዴኦ ገጠር የመጣ አንድ ፍሬሽ ተማሪ የሎጂክ ሞጁሉን ከፍቶ ዶርም ውስጥ ተቀምጧል እንበል። አንድ ገጽ 300 ቃል ቢይዝ፣ በደቂቃ 60 ቃል የሚያነብ ልጅ ገጹን ለመጨረስ አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ለሳምንቱ የተሰጠው ምዕራፍ 30 ገጽ ከሆነ 150 ደቂቃ ማለት ነው፤ ያውም መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ፣ ወደ ኋላ ሳይመለስ። በደቂቃ 180 ቃል የሚያነበው ጓደኛው ይህንኑ ምዕራፍ በ50 ደቂቃ ጨርሶ ይተኛል። ሁለቱም ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ ሁለቱም ይተጋሉ። አንደኛው ግን አምስትና ስድስት ኮርስ ሲደራረብበት ቀኑ አይበቃውም። ስለዚህ መጽሐፉን ትቶ ሃንድአውት ይፈልጋል፤ ሃንድአውቱም ሲከብደው የሲኒየሮችን አሮጌ ወርክሺት ይሸመድዳል። ሌሊቱን ሙሉ ሲቸክል ያድራል። ፈተናው ላይ ጥያቄው ትንሽ ተለውጦ ሲመጣ የሸመደደው ሁሉ ከእጁ ይወጣል።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። ይህ ልጅ የሚቸገረው በከባዱ የሳይንስ ቃል አይደለም። «ፎቶሲንተሲስ»ን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ያውቀዋል። የሚያሰናክሉት አረፍተ ነገርን ከአረፍተ ነገር የሚያያይዙት ጥቃቅን ቃላት ናቸው፤ «ሀውኤቨር»፣ «ዌርአዝ»፣ «አንለስ»፣ «ኤክሴፕት» የሚሉት። «ከሚከተሉት ውስጥ ትክክል ያልሆነው የቱ ነው» የሚለውን ጥያቄ «ትክክል የሆነው የቱ ነው» ብሎ አንብቦ፣ መልሱን እያወቀ ነጥብ የሚጥል ተማሪ ስንቱ ነው? ይህ የእውቀት ጉድለት አይደለም። በብዛት ካለማንበብ የሚመጣ ነው፤ በብዛት በማንበብም ይድናል።

በንባብ ላይ ብዙ ያጠናው ፖል ኔሽን እንደሚለው፣ አንባቢ አንድን ጽሑፍ ያለ ሌላ ሰው እርዳታ በምቾት ለመረዳት ከቃላቱ 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ አለበት። ባለ 300 ቃል ገጽ ላይ እንግዳ የሚሆንበት ቃል ከስድስት መብለጥ የለበትም ማለት ነው። ልጆቻችንን ግን በየገጹ 30 እና 40 እንግዳ ቃል የሞላበት መጽሐፍ እናስታቅፍና «ለምን አታነብም?» እንላቸዋለን። ስንፍና ያልነው ነገር ብዙውን ጊዜ ድካም ነው።

ችግሩ ትናንት የመጣ አይደለም። ጆን ስቶዳርት እ.ኤ.አ በ1986 ስለ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ባቀረበው ጥናት፣ እንግሊዝኛ ማስተማሪያ መሆኑ ቀርቶ ለትምህርት እንቅፋት እየሆነ መምጣቱን አስጠንቅቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥርዓተ ትምህርቱ ደጋግሞ ተለውጧል፤ የገጠሩ ተማሪ ግን ዛሬም እዚያው ነው። የጌዴኦ ልጅ ደግሞ ሸክሙ ድርብ ነው። ቤቱ ውስጥ የእናቱን ቋንቋ ጌዴኡፋን ይናገራል፤ ገበያና መንገድ ላይ አማርኛ ይጠብቀዋል፤ ክፍል ሲገባ እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ለእርሱ ሁለተኛ ቋንቋ እንኳ አይደለም፤ ሦስተኛው ነው። በቀድሞው የደቡብ ክልል ለብዙ ዓመታት ልጆች ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ የሳይንሱንም የሒሳቡንም ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲማሩ ሲደረግ የነበረው ለመጥቀም ታስቦ ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ በ2006 ካትሊን ሂው፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ለትምህርት ሚኒስቴር ያካሄዱት ጥናት ያሳየው ሌላ ነው። በ8ኛ ክፍል በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት ያመጡት ረዘም ላለ ጊዜ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት ናቸው።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። በእናቱ ቋንቋ ማንበብን ያልተካነ ልጅ በሦስተኛ ቋንቋ በድንገት ጥሩ አንባቢ አይሆንም። በጌዴኡፋ አንድ ተረት አንብቦ «ጅቡ ለምን ተሞኘ?» ተብሎ ሲጠየቅ ምክንያቱን መናገር የቻለ ልጅ፣ እንግሊዝኛውን ሲደርስበት የማሰቡን ሥራ ከዜሮ አይጀምርም። ስለዚህ ይህ ጥሪ እንግሊዝኛን ከጌዴኡፋ በላይ የሚያስቀምጥ አይደለም። ጌዴኡፋን ማንበብ መሠረቱ ነው፤ የእንግሊዝኛው ንባብ የሚቆመው በዚያ መሠረት ላይ ነው። ማንም ቋንቋችንን እንድንተው ቢነግረን አንሰማውም።

እንግሊዝኛ ማንበብ ለጌዴኦ ልጅ ከፈተና ያለፈ ጥቅም እንዳለውም እናስተውል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስታመለክት፣ ከቡና ኩባንያው ከስታርባክስ ጋር የነበረው ክርክር እስከ 2007 ስምምነት ድረስ የተካሄደው በእንግሊዝኛ ሰነድ ነው። ከጓሯችን የሚለቀመው ቡና ስም በባዕድ አገር የማን እንደሆነ የተወሰነው በወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱን ያነበበ ሰው ተከራክሯል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የቀረበው ሰነድም፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ትክል ድንጋዮቹ፣ ስለ ባህላዊ ሥርዓታችን የሚናገረው ሁሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። የአካባቢያችን ተወላጅ ዶክተር ታደሰ ኪጴ የጌዴኦ ገበሬ መሬቱን እንዴት ሳያራቁት እንደኖረ የመረመረበትን ሥራውን እ.ኤ.አ በ2002 ያሳተመው በእንግሊዝኛ ነው። ስለ አባቶቻችን ጥበብ የተጻፈውን መጽሐፍ ልጆቻችን ማንበብ ካልቻሉ፣ ስለ እኛ ሌሎች ሲናገሩ እኛ አድማጭ ብቻ ሆነን እንቀራለን። ስሕተት ቢጻፍ እንኳ የሚያርም አይኖርም።

አይቻልም የሚል ካለ የራሳችንን ታሪክ ይመልከት። በሐምሌ 1971 ዓ.ም በታወጀው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትምህርቱ በሂደት በ15 ቋንቋዎች እንዲሰጥ ተደርጎ ነበር፤ ከ15ቱ አንዱ የእኛው የጌዴኦ ቋንቋ ነው። ተማሪው፣ መምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው ወደ ገጠር ወርዶ፣ ገበሬውና የቤት እመቤቷ ከሥራ መልስ ዛፍ ሥር፣ ቀበሌ አዳራሽ፣ መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። ዘመቻው እ.ኤ.አ በ1980 ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኝቶልናል። በዘመኑ ፖለቲካ የሚቆጨን ብዙ ነገር አለ፤ አንድ ነገር ግን አስተምሮናል። የሚያነብ ሰው ለማያነበው ኃላፊነት አለበት ተብሎ ሲታመን በአጭር ጊዜ ብዙ ይሠራል።

ሩቅ ሳንሄድ ደግሞ ሐዋሳን እናንሳ። የነገሌ ቦረናው ተወላጅ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በስደት አሜሪካ ገብቶ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ፣ ለኢትዮጵያ ልጆች የሚሆን መጽሐፍ ማጣቱ አላስቀምጠው አለ። «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለውን ድርጅት ከሌሎች ጋር አቋቁሞ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጽሐፍ የተጫነበትን ጋሪ በአህያ እያስጎተተ ወደ ልጆቹ ሰፈር ወሰደ። ሐዋሳ ከዲላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። አህያ ደግሞ እኛም ዘንድ አለ።

ከሩቅ አገርም አንድ ምስክር ልጨምር። በፊጂ ደሴቶች ገጠር የሚኖሩ፣ እንደ እኛው እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ብቻ የሚሰሙ የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ልጆች ነበሩ። ዋሪክ ኤሊና ፍራንሲስ ማንጉባይ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በየክፍሉ 250 ያህል የሚጥሙ የታሪክ መጻሕፍት አስገብተው ልጆቹ በየቀኑ እንዲያነቡ አደረጉ። በዓመቱ ሲለኩ፣ መጽሐፍ ያገኙት ልጆች በንባብ የተራመዱት መጽሐፍ ካላገኙት በእጥፍ ያህል ነበር። በሁለተኛው ዓመት ለውጡ ወደ ሌሎች የቋንቋ ችሎታዎችም ተሻገረ። አዲስ ሕንፃ አልተሠራም፤ ውድ መሣሪያ አልተገዛም። ልጅና መጽሐፍ በየቀኑ ተገናኙ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ የምጠይቀው ዩኒቨርሲቲ ያላችሁትን ነው። በክረምት ወደ ፍስሐ ገነት፣ ወደ ጨለለቅቱ፣ ወደ ቡሌ ስትመለሱ እያንዳንዳችሁ አምስት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ያዙ። ቲቶሪያል ስጡ አላልኩም፤ ቀመር በሰሌዳ ላይ አትጻፉላቸው። አብራችሁ አንብቡ። እንዴት እንደሚነበብ እነሆ። ስድስት ሰው በአንድ ገጽ ዙሪያ ይቀመጣል። ሁሉም ገጹን ድምፁን ሳያሰማ ለየብቻው ያነባል፤ ስልክ አይነካም፤ መዝገበ ቃላት አይገለጥም። ከዚያ መጽሐፉ ይዘጋና አንዱ የገባውን በጌዴኡፋ ወይም በአማርኛ ይናገራል። ሌላው «ይህን ያልከው ከየትኛው መስመር ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ መጽሐፉ ይከፈታል፤ ጣት መስመሩ ላይ ያርፋል። እዚያ ላይ ብዙ ክርክር ይነሳል፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ክርክር ውስጥ ነው። ቀጥሎ እንግዳ የሆኑት ቃላት ይቆጠራሉ፤ ከእነርሱ አምስት ብቻ ተመርጠው ደብተር ላይ ከነአረፍተ ነገራቸው ይጻፋሉ። በመጨረሻ ገጹ እንደገና ይነበባል፤ ሰዓት ይያዛል። ከመጀመሪያው ምን ያህል እንደፈጠነ ልጁ ራሱ ያየዋል። አንድ ሰዓት ይበቃል። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል።

ከዚህ ሌላ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው በቀን 20 ደቂቃ ቀለል ያለ ነገር ያንብብ። ለመምረጥ አንድ መመዘኛ ይያዝ፤ በገጹ ላይ እንግዳ ቃል ከስድስት በላይ ከሆነ መጽሐፉ ለጊዜው ይቆይ፤ የቀለለ ይፈለግ። በደቂቃ 100 ቃል የሚያነብ ልጅ በ20 ደቂቃ 2,000 ቃል ያነባል። በዓመት 200 ቀን ቢያነብ 400,000 ቃል ይሆናል። ይህን ያህል እንግሊዝኛ በዓይኑ ያለፈ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሞጁሉ አያስፈራውም።

መምህራን ሆይ፤ የእናንተ ድካም ምን ያህል እንደሆነ እናውቃለን። ክፍሉ ጠባብ፣ ተማሪው ብዙ፣ ደመወዙ ጥቂት ነው። ግን በየሳምንቱ ካሏችሁ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜዎች አንዷን ለንባብ ብቻ ስጧት። ስለ ቴንስና ስለ ፓሲቭ ቮይስ የሚሰጠው ትምህርት ይቀጥል፤ ሆኖም ሕጉን ሸምድዶ አንቀጹን የማይረዳ ተማሪ ፈተና አያልፍም። ተማሪን አስነስቶ ጮክ ብሎ ማስነበብም አይበቃም፤ በጥሩ አነጋገር ያነበበው ልጅ ምን እንዳነበበ ላያውቅ ይችላል። «ምን አልክ?» ሳይሆን «ምን ገባህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የባዮሎጂና የታሪክ መምህራንም ይህ የእንግሊዝኛ መምህር ሥራ ብቻ ነው አትበሉ። አዲስ ምዕራፍ ስትጀምሩ የመጀመሪያውን አንቀጽ ከተማሪዎቻችሁ ጋር አንድ ላይ አንብቡ።

ዲላ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ ተቋም ነው። መምህር ማፍራት የልደቱ ዓላማ ነበር። ስለዚህ ይህ ጉዳይ የእርሱም ጉዳይ ነው። በዩኒቨርሲቲዎች ያለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከል ለፍሬሽ ተማሪዎች የንባብ ሰዓት ይክፈት፤ ቤተ መጻሕፍቱ በሳምንት አንድ ቀን ለአካባቢው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሩን ይክፈት፤ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ሲወጡ የንባብ ክበብ መምራት እንደ ሥራ ይቆጠርላቸው። አስተማሪዎችም ስላይድና ሃንድአውት ብቻ ሰጥታችሁ አትለፉ። ከመጽሐፉ አሥር ገጽ አንብበው እንዲመጡ እዘዙ፤ በሚቀጥለው ክፍል ስለ አሥሩ ገጽ ጠይቁ። የማይጠየቅ ነገር አይነበብም።

ነጋዴዎች፣ ቡና አቅራቢዎች፣ በዲላም በአዲስ አበባም በውጭ አገርም ያላችሁ የጌዴኦ ልጆች፤ ከእናንተ የሚፈለገው መጽሐፍ ነው። ትልቅ ሕንፃ ሪባን እስኪቆረጥለት አንጠብቅ። አንድ ሳጥን ቀለል ያሉ የእንግሊዝኛ ታሪኮች፣ አንድ ሳጥን የጌዴኡፋና የአማርኛ መጻሕፍት፣ ያገለገሉ የመማሪያ መጻሕፍት፤ ቁልፍ ያለው አንድ ቁም ሣጥን፤ መዝገብ የሚይዝ አንድ ታማኝ ሰው። ይህ ቤተ መጻሕፍት ነው። ከአሜሪካ የምትመጡ በሻንጣችሁ ከጫማና ከሽቶው ጎን አምስት መጽሐፍ አስቀምጡ። የመማሪያ መጻሕፍት በታጡ ጊዜ ተማሪዎች ፒዲኤፍ በቴሌግራም ተቀባብለው በስልክ እንዳነበቡ ሁላችንም አይተናል። ስልክ ያላችሁ ፋይሎቹን አውርዳችሁ በሚሞሪ ካርድ ለሌላቸው አካፍሉ። የፈተና ጥያቄና መልስ ከመለዋወጥ ይህ ይበልጣል።

አገልጋዮችና ምእመናን፤ በጌዴኦ ብዙ ሰው ማንበብን የተለማመደው መጽሐፍ ቅዱስ በእጁ ይዞ ነው። አዳራሻችሁ ወንበር አለው፤ ብዙ ቦታ መብራትም አለው፤ በሥራ ቀን ደግሞ ባዶ ነው። በሳምንት ሁለት ማታ ለንባብ ክበብ ፍቀዱ። ልጆቹ እምነታቸው ምንም ይሁን ምን በሩ ለሁሉም ይከፈት።

አባቶችና እናቶች፤ የቡና ለቀማ ሲደርስ ሥራው እጅ እንደሚፈልግ እናውቃለን። እሸቱ አይጠብቅም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ግን ልጁ ከትምህርት ቤት በቀረ ቁጥር የሚያጣው አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ ሌሎቹ የደረሱበትን መስመር ያጣዋል። ከትምህርት መልስ ይልቀም፤ በትምህርት ሰዓት ግን አይቅር። ሴት ልጅም ውኃ ቀድታ፣ እንሰት ፍቃ፣ ቆጮ ጋግራ፣ ታናናሾቿን አብልታ ስታበቃ ለመጽሐፍ ጉልበት አይተርፋትም። ወንድሟ ያንን ሥራ ቢካፈላት ቤቱ አይፈርስም። እንግሊዝኛ አላውቅም፣ ምን ልርዳው ብላችሁም አትጨነቁ። ማታ እሳት ዳር «ዛሬ ምን አነበብክ? ንገረኝ» በሉት። በጌዴኡፋ ሲያስረዳችሁ ያልገባውን ራሱ ያገኘዋል። ያልተማረ ወላጅ ለልጁ ከሚሰጠው ነገር ሁሉ ይህን ያህል የሚጠቅም ጥቂት ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

የሶንጎ ሽማግሌዎቻችን፤ ደን እንዳይመነጠር፣ ጠብ እንዳይሰፋ ቃላችሁ ሲያግድ ኖሯል። የንባብን ነገር በሶንጎ ጉባኤያችሁ አንሱት። «የትኛው ሰፈር ክበብ አቋቋመ? የትኛው አላቋቋመም?» ብላችሁ ጠይቁ። በዳራሮ በዓል ሕዝብ ሲሰበሰብ ዓመቱን ሙሉ ያነበቡ ልጆችን አቁማችሁ መርቁ። እናንተ ያከበራችሁትን ነገር ወጣቱ ያከብረዋል።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል አለ። አዎ፣ የመንግሥትም ሥራ ነው። መጽሐፍ በወቅቱ እንዲታተም፣ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት እንዲኖራቸው፣ መምህሩ የሚኖርበት ደመወዝ እንዲያገኝ መጠየቃችንን አናቆምም። የንባብ ክበብ የያዘ ማኅበረሰብ ጥያቄውም ይሰማል፤ ምክንያቱም ምን እንደጎደለው በስም ያውቀዋል። ሌላው ደግሞ «ትምህርቱ ሁሉ በራሳችን ቋንቋ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር» ይላል። ስለዚህ ጉዳይ አገር ይወያይ፤ ውይይቱ ተገቢ ነው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል የተቀመጠችው ልጅ ግን ውይይቱ እስኪያልቅ አትጠብቅም። ፈተናዋ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቀኑም ሩቅ አይደለም።

«እኔ ራሴ እንግሊዝኛ መች አነባለሁና?» የምትሉ ምሩቃንም ትኖራላችሁ። ይህን በማለታችሁ አትፈሩ። አብራችሁ ስታነቡ የምትማሩት እናንተም ናችሁ። አንዱ በግሉ ያልገባው ገጽ ስድስት ሆነው ሲያነቡት የማይገባበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይሉ የለ? የንባብም ነገር እንደዚያው ነው።

እንግዲህ ጥሪው ይህ ነው። በዚህ ወር ውስጥ ፍስሐ ገነት ላይ የመጀመሪያው የንባብ ክበብ ይቋቋም። አምስት ልጆች፣ አንድ መሪ፣ አንድ መጽሐፍ ይበቃል። ገደብ ያለው ሰው ገደብ ላይ፣ ቡሌ ያለው ቡሌ ላይ፣ ወናጎ ያለው ወናጎ ላይ ይጀምር። ማንንም አታስፈቅዱ፤ በጀት አትጠብቁ፤ ስብሰባ አታብዙ። የምታውቁትን አንድ ተማሪ ጥሩና ዛሬ ማታ አንድ ገጽ አብራችሁ አንብቡ። ነገ ሦስት ሁኑ፤ በሳምንቱ ስድስት ሁኑ። ከዓመት በኋላ የፈተናው ውጤት ሲመጣ በልጆቻችን ከማዘን ይልቅ ከእነርሱ ጋር ስንት ገጽ እንዳነበብን እንቁጠር። የጌዴኦ ልጅ ጎበዝ ነው። የሚጎድለው አብሮት መጽሐፍ የሚከፍት ሰው ነው፤ ያ ሰው አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ፣ እርስዎ ነዎት።